ተሰውሮ የሚሠራው ጡንቻ፦ የሶአስ አናቶሚና የሕክምና ፋይዳው

በሥጋ ቤት ከሚሸጡት የበሬ ብልቶች መካከል በልስላሴው የሚታወቀው ፊሌቶ ነው። ሥጋ ቆራጩ ይህን ቁራጭ ለማውጣት ከጀርባ በኩል አይጀምርም፤ በመጀመሪያ ኩላሊቱንና በዙሪያው ያለውን ጮማ ያነሣል፤ ከዚያም ከወገብ አጥንት በስተውስጥ ተለጥፎ የተጋደመውን ረዥም ጡንቻ በቢላዋው ጫፍ እያላቀቀ ያወጣዋል። ይኸው ጡንቻ በሰው አካል ውስጥም አለ። በአናቶሚ ትምህርት «ሶአስ» በመባል ይታወቃል፤ ቃሉም የወገብን ጡንቻ ከሚያመለክት የግሪክኛ ቃል የመጣ ነው።

ይህን ጡንቻ ማጥናት ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት፣ ለትምህርት እንዲያመች የተዘጋጀ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የ19 ዓመት ወጣት ለሁለት ወራት ያህል ወገቡን ሲያመው ቆየ። ቤተሰቦቹ «ብርድ መትቶት ነው» ብለው በቅባት አሹት። ከዚያም ማነከስ ጀመረ፤ ሲተኛም ቀኝ ጉልበቱን አጥፎ ካላቆመ በቀር እንቅልፍ አይወስደውም። በመጨረሻም ከቀኝ ብሽሽቱ በታች፣ በጭኑ የላይኛው ክፍል፣ ለስላሳ እብጠት ወጣ። እብጠቱ አይቀላም፣ አያቃጥልም፣ ሲነካም እምብዛም አያምም። አንዱ «ንፍፊት ነው» አለው፤ ሌላው «ሄርኒያ ነው» አለው። የበሽታው ምንጭ ግን በብሽሽቱም በጭኑም አልነበረም። ታዲያ የት ነበረ? ከምንጩ ርቆስ በዚያ ሥፍራ ለምን ታየ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ሶአስ ከየት ተነሥቶ፣ በየት አልፎ፣ የት እንደሚደርስ በማወቅ ነው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የጡንቻውን አቀማመጥና ሥራ እንመለከታለን፤ ቀጥሎም ወደ ወጣቱ ሕመም ተመልሰን፣ ከሶአስ ጋር የተያያዙ ሌሎች የጤና ችግሮችንም እንቃኛለን።

መነሻው፣ መንገዱና መድረሻው

የጀርባ አጥንታችን አንዱ ባንዱ ላይ በተደረደሩ አንጓዎች የተሠራ መሆኑ ይታወቃል። ከእነዚህ መካከል አምስቱ የወገብ አንጓዎች ይባላሉ። ሶአስ ከእነዚህ አንጓዎች ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሆኖ ይገኛል። እያንዳንዱም ሁለት ክፍሎች አሉት። የፊተኛው ክፍል ከ12ኛው፣ ማለትም ከመጨረሻው የደረት አንጓ ጀምሮ ቁልቁል ከሚገኙት የወገብ አንጓዎች ጎንና በአንጓዎቹ መካከል ካሉት ዲስኮች ይነሣል። የኋለኛው ክፍል ደግሞ አምስቱ የወገብ አንጓዎች እንደ ክንፍ ወደ ጎን ከሚዘረጓቸው የአጥንት ዘንጎች ይነሣል።

ጡንቻው ከዚህ ተነሥቶ እየጠበበ ወደታች ይወርዳል። በዳሌ አጥንት ውስጠኛ ገጽ ላይ ሲደርስ «ኢሊያከስ» ከሚባል፣ እንደ ማራገቢያ ከተዘረጋ ሌላ ጡንቻ ጋር ይገናኛል። ሁለቱ በአንድ ጅማት ስለሚጨርሱ በአንድነት «ኢሊዮሶአስ» ተብለው ይጠራሉ። ኢሊዮሶአስ በብሽሽት ላይ ከተዘረጋው ጅማት ሥር ሾልኮ ወደ ጭን ይገባል፤ በዳሌ መገጣጠሚያ ፊት ለፊት ካለፈ በኋላ ወደ ውስጥና ወደ ኋላ ይታጠፍና «ትንሹ ትሮካንተር» በሚባለው የጭን አጥንት ጉብታ ላይ ይተከላል። ጉብታው የሚገኘው በጭን አጥንት የላይኛው ክፍል፣ በስተውስጥና በስተኋላ ነው።

መንገዱ ቀጥተኛ አለመሆኑን ልብ ይሏል። በጉድጓድ አፍ ላይ በተጋደመ ግንድ ላይ ታጥፎ የሚወርደውን የውኃ መቅጃ ገመድ በዓይነ ኅሊናችን ብንመለከት ነገሩ ግልጽ ይሆንልናል። ገመዱ ጡንቻው ነው፤ ግንዱ ደግሞ የዳሌ አጥንት የፊት ጠርዝ ነው። ጅማቱ በአጥንቱ ላይ ሲንሸራተት እንዳይፋቅ በመካከላቸው ጥቂት ፈሳሽ የያዘ ስስ ከረጢት ይገኛል። «ቡርሳ» የሚባለው ይህ ከረጢት በዳሌ መገጣጠሚያ ዙሪያ ካሉት ተመሳሳይ ከረጢቶች ሁሉ ትልቁ ነው።

በዚህ አቀማመጡ ምክንያት ሶአስ የወገብ አንጓዎችን ከጭን አጥንት ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ብቸኛ ጡንቻ ሆኗል። ከፊቱ የሚያልፍ «ትንሹ ሶአስ» የሚባል ቀጭን ጡንቻም አለ፤ ይሁን እንጂ ከሰዎች መካከል ግማሽ በሚሆኑት ላይ ጨርሶ አይገኝም፤ ባለመኖሩም የሚደርስባቸው ጉዳት የለም።

አንድ የመጨረሻ ነጥብ እንጨምር። ጡንቻው ራቁቱን አይደለም፤ ጎራዴ በአፎቱ እንደሚገባ ሁሉ ሶአስም «ፋሺያ» በሚባል ጠንካራ ሽፋን ተከቦ ከወገብ እስከ ጭን ይወርዳል። ይህ አፎት በላይ በኩል ከአከርካሪው ጋር የተያያዘ ሲሆን በታች በኩል ጡንቻውን ተከትሎ ወደ ጭን ያመራል። ለወጣቱ እንቆቅልሽ መፍቻው ቁልፍ በዚሁ አፎት ውስጥ ስለሚገኝ አንባቢ ይህን ነጥብ እንዲይዝልን እንጠይቃለን።

ጎረቤቶቹ እነማን ናቸው?

አናቶሚን የሚያጠና ተማሪ የአንድን ጡንቻ መነሻና መድረሻ ብቻ ሸምድዶ ቢያልፍ ትምህርቱ ግማሽ ይሆንበታል። በሽታ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የሚሻገር በመሆኑ ጎረቤትን ማወቅ ተገቢ ነው።

በሶአስ አናት ላይ የመተንፈሻ ጡንቻ የሆነው ድያፍራም ይገኛል። ኩላሊቶች ከጎኑ ተጠግተው ተቀምጠዋል። ሽንትን ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚያወርዱት ቀጫጭን ቱቦዎች በፊቱ ላይ ያልፋሉ። በመካከል፣ በአከርካሪው ፊት ለፊት፣ ታላላቆቹ የደም ሥሮች ይወርዳሉ። በቀኝ በኩል ትርፍ አንጀት፣ በግራ በኩል ደግሞ የትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል በአቅራቢያው ይገኛሉ።

ከሁሉም በላይ ግን ነርቮቹ ትኩረት ይሻሉ። ከወገብ አንጓዎች መካከል የሚወጡት የነርቭ ሥሮች በሁለቱ የሶአስ ክፍሎች መካከል ገብተው፣ በጡንቻው ሥጋ ውስጥ እርስ በርሳቸው ይተሳሰራሉ፤ ከዚያም በተለያየ አቅጣጫ ይወጣሉ። ጉልበትን የሚዘረጋውን የጭን ጡንቻ የሚያዝዘውና ለጭን የፊት ገጽ ስሜት የሚሰጠው ትልቁ የጭን ነርቭ በጡንቻው የውጭ ጠርዝ በኩል ይወጣል። ጭንን ወደ ውስጥ የሚሰበስቡትን ጡንቻዎች የሚያዝዘው ነርቭ በውስጠኛው ጠርዝ ይወጣል። ለብሽሽት አካባቢ ስሜት የሚሰጥ ሌላ ነርቭ ደግሞ ጡንቻውን ፊት ለፊት በስቶ ይወጣል። በመሆኑም ሶአስ ሲታመም ወይም ሲያብጥ ሕመሙ በብሽሽት፣ በጭን ፊት፣ አንዳንዴም በጉልበት ላይ ቢሰማ አያስደንቅም። ታማሚው በእጁ የሚያመለክተው ሥፍራና በሽታው ያለበት ሥፍራ አንድ የማይሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ከአራት እግር ወደ ሁለት እግር

በበሬ ዘንድ ሶአስ ክብደት ተሸካሚ ጡንቻ አይደለም። የእንስሳውን ክብደት የሚሸከሙት የእግርና የትከሻ ጡንቻዎች ናቸው፤ በውስጣቸውም ጠንካራ ተያያዥ ኅብረ ሕዋስ በብዛት ስለሚገኝ ሥጋቸው ይጠነክራል። ፊሌቶ የለሰለሰው ከዚህ ድካም ስለተረፈ ነው።

በሰው ዘንድ ግን ሁኔታው የተለየ ነው። በአራት እግሩ የሚሄድ እንስሳ በሚቆምበት ጊዜ ጭኑ ከሰውነቱ ጋር ማዕዘን ሠርቶ ይታጠፋል፤ ሰው ግን ሲቆም ጭኑና አካሉ በአንድ መስመር ይሆናሉ። በዚህም ምክንያት ሶአስ በዳሌው ጠርዝ ላይ ተወጥሮ ይዘረጋል፤ በእያንዳንዱ እርምጃም ይሠራል።

ቀጥ ብሎ የመሄድ ታሪክ ከአገራችን ምድር ጋር የተቆራኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በአፋር፣ ሐዳር በተባለው ሥፍራ የተገኘችው ሉሲ ወይም ድንቅነሽ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖረች ስትሆን፣ የዳሌዋ አጥንት እንደ ቺምፓንዚ ረዥምና ጠባብ ሳይሆን አጭርና ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አሽሊ ዋይዝማን በእያንዳንዱ የሉሲ እግር 36 ጡንቻዎችን በኮምፒውተር አማካይነት መልሳ በመቅረጽ፣ ድንቅነሽ ጉልበቷን ዘርግታ እንደ እኛ ቀጥ ብላ መቆም ትችል እንደነበር አሳይታለች። ጡንቻ በቅሪተ አካል አይገኝም፤ ነገር ግን አጥንት ላይ አሻራውን ይተዋል፤ ተመራማሪውም የሚያነበው ያንን አሻራ ነው።

ሥራው

የኢሊዮሶአስ ዋና ተግባር የዳሌን መገጣጠሚያ ማጠፍ፣ ማለትም ጭንን ወደ ሆድ ማቅረብ ነው። ይህን የሚያደርጉ ሌሎች ጡንቻዎችም አሉ፤ በጉልበትም ሆነ በወሳኝነት የሚተካከለው ግን የለም። አንባቢ ይህን በራሱ ላይ መሞከር ይችላል። ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ከዚያም ጉልበትዎ እንደታጠፈ አንድ እግርዎን ከወለሉ ወደ ላይ ያንሡ። ሲቀመጡ ጭንዎ አስቀድሞ ስለታጠፈ ሌሎቹ አጣፊ ጡንቻዎች አጥረው ኃይላቸው ቀንሷል፤ ጭኑን ከዚህ በላይ የሚያነሣው በዋናነት ኢሊዮሶአስ ነው። ደረጃ ስንወጣ ወይም ወደ ሚኒባስ ስንገባ እግራችንን የሚያነሣልንም እርሱ ነው።

በእርምጃ ጊዜ ደግሞ የኋላው እግር መሬትን ሊለቅ ሲል ኢሊዮሶአስ ይኮማተርና ጭኑን ወደፊት ይስበዋል። በሩጫ ጊዜ ይህ ተግባር እጅግ ይጎላል፤ ፍጥነት የሚወሰነው እግር መሬቱን በመግፋቱ ብቻ ሳይሆን ፈጥኖ ወደፊት በመመለሱም ጭምር ነውና። በኤምአርአይ የተደረጉ ጥናቶች የአጭር ርቀት ሯጮች ሶአስ ከሌሎች ሰዎች የበለጠ የወፈረ መሆኑን ያሳያሉ።

እግር መሬት ላይ ጸንቶ ሲቆይ ጡንቻው በተቃራኒው ይሠራል፤ ጭንን ወደ አካል በመሳብ ፋንታ አካልን ወደ ጭን ይስባል። በጀርባ ተኝቶ የሚሠራው የሆድ ስፖርት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ትከሻን ከወለል የሚያነሡት የሆድ ጡንቻዎች ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ወገብን አንሥቶ የሚያስቀምጠው ግን ኢሊዮሶአስ ነው። በተለይ ጓደኛ እግራችንን ይዞልን ስንሠራ ሸክሙ በአመዛኙ ወደ እርሱ ይዞራል። ጡንቻው ከወገብ አንጓዎች ጋር የተያያዘ በመሆኑም በኃይል ሲኮማተር አንጓዎቹን እርስ በርስ ያጣብቃል። ወገባቸውን የሚያማቸው ሰዎች ይህን ስፖርት ሲሠሩ የሚብስባቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የወጣቱ ሕመም ምንጭ

አሁን ወደ መግቢያው ምሳሌ እንመለስ። የወጣቱ በሽታ የአከርካሪ ቲቢ ነበር።

ቲቢ በብዛት የሚያጠቃው ሳንባን ቢሆንም በደም አማካይነት ወደ ሌሎች አካላት ሊዛመት ይችላል። አጥንትን በሚያጠቃበት ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የሚያዘወትረው የጀርባ አጥንትን ነው። ባክቴሪያው የአንጓዎቹን የፊት ክፍልና በመካከላቸው ያለውን ዲስክ ቀስ በቀስ ይበላል። አንጓው ከፊት ሲፈርስ ጀርባ ይጎብጣል። እ.ኤ.አ. በ1779 የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት የዚህን ጉብጠትና እርሱን ተከትሎ የሚመጣውን የእግር መስነፍ ዝምድና ጽፎ በማሳወቁ በሽታው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የበሽታውን አምጪ ባክቴሪያ ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ ያስታወቀው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1882 ነው።

አንጓው በሚፈርስበት ሥፍራ መግል ይጠራቀማል። መግሉ መውጫ ሲፈልግ ከአከርካሪው ጋር የተያያዘውን የሶአስ አፎት ያገኛል። አፎቱም እንደ ቦይ ሆኖ መግሉን ይመራዋል፤ መግሉ በመሬት ስበት እየታገዘ፣ በሆድ ዕቃ ጀርባ፣ በዳሌ ውስጥ፣ በብሽሽቱ ጅማት ሥር አልፎ በጭን የላይኛው ክፍል ብቅ ይላል። ምንጩ ተራራ ላይ ሆኖ ውኃው ግን ሜዳ ላይ እንደሚፈልቀው ሁሉ፣ በሽታውም በወገብ ተጸንሶ በጭን ታየ።

የወጣቱ ምልክቶች ሁሉ አሁን ትርጉም ያገኛሉ። ጉልበቱን አጥፎ የሚተኛው፣ ጭኑ ሲታጠፍ የታመመው ጡንቻ ስለሚላላና ሕመሙ ስለሚቀልለት ነው። የሚያነክሰው፣ በእርምጃ ጊዜ እግሩ ወደ ኋላ ሲቀር ጡንቻው ስለሚወጠርበት ነው። እብጠቱ የማይቀላውና የማያቃጥለው ደግሞ የቲቢ መግል እንደ ሌሎች ባክቴሪያዎች መግል ኃይለኛ ብግነት ስለማያስከትል ነው፤ ሐኪሞችም «ቀዝቃዛ መግል» ይሉታል።

ይህ በሽታ አዲስ አይደለም። ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት በግብፅ የኖረው ነስፐረሐን የተባለ የአሞን ካህን አስከሬን በመድረቅ ተጠብቆ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1910 ኤሊየት ስሚዝና ሩፈር የተባሉ ሊቃውንት መርምረው እንደጻፉት፣ የካህኑ የጀርባ አጥንት ጎብጧል፤ በሶአሱም ውስጥ የትልቅ መግል ቋት ምልክት ታይቷል።

በአገራችንም ጉዳዩ የታሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 ላሉት ዓመታት ባወጣው፣ ከፍተኛ የቲቢ ጫና ያለባቸው 30 አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ ትገኛለች። ከሳንባ ውጪ ያሉ አካላትን የሚያጠቃው ቲቢም ቀላል የማይባል ድርሻ አለው። ስለዚህ ለሳምንታት የዘለቀ የወገብ ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብ፣ ከክብደት መቀነስ ወይም ከማነከስ ጋር ሲመጣ «ብርድ ነው» ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው። መታሸትም የፈረሰውን አንጓ አይጠግነውም፤ የሚያስከትለው መዘግየት ግን ኅብለ ሰረሰር ተጨቁኖ ሁለቱም እግሮች እስኪሰንፉ ሊያደርስ ይችላል።

በሶአስ ውስጥ መግል የሚያስቋጥረው ቲቢ ብቻ አለመሆኑንም መገንዘብ ያስፈልጋል። ስታፊሎኮከስ ኦውሪየስ የተባለው ባክቴሪያ በደም ተጉዞ ሶአስን በቀጥታ ሊያጠቃ ይችላል፤ ከኩላሊት፣ ከአንጀት ወይም ከትርፍ አንጀት የተነሣ ኢንፌክሽንም ወደ ጡንቻው ሊሻገር ይችላል። ካልተፈላ ወተት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስም የወገብ አንጓዎችን አጥቅቶ ተመሳሳይ ችግር የሚያስከትልበት ጊዜ አለ።

ሐኪሙ የማይነካውን ጡንቻ እንዴት ይመረምረዋል?

ሶአስ ከሆድ ዕቃ ጀርባ የተሰወረ በመሆኑ በእጅ ዳስሶ መመርመር አስቸጋሪ ነው። ሐኪሙ ግን ጡንቻውን ሊወጥረው ወይም ሊያሠራው ይችላል።

«የሶአስ ምልክት» የሚባለው ምርመራ በዚህ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው። ታማሚው በግራ ጎኑ ይተኛል፤ ሐኪሙም የታማሚውን ቀኝ ጭን ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይስበዋል። ይህ እንቅስቃሴ ሶአስን ይወጥረዋል። የተቆጣ ትርፍ አንጀት ከጡንቻው ጋር ተጠግቶ የሚገኝ ከሆነ ታማሚው በቀኝ የሆዱ የታችኛው ክፍል ሕመም ይሰማዋል። ምልክቱ አለመኖሩ ግን በሽታው የለም ማለት አይደለም፤ ትርፍ አንጀቱ ከጡንቻው ርቆ ሊቀመጥ ይችላልና።

ሁለተኛው ከ1834 እስከ 1891 (እ.ኤ.አ.) በኖረው ብሪታንያዊ ሐኪም በሂው ኦወን ቶማስ ስም የሚጠራው ምርመራ ነው። ታማሚው በጀርባው ይተኛና ጤነኛ ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጥፎ ያቅፋል፤ ይህም የወገቡን ቅስት ያስተካክለዋል። በዚህ ጊዜ የሌላኛው እግር ጭን ከአልጋው ከተነሣ ዳሌውን የሚያጥፉት ጡንቻዎች ማጠራቸውን ወይም መገጣጠሚያው በሚገባ አለመዘርጋቱን ያሳያል።

የሶአስ በሽታንና የዳሌ መገጣጠሚያ በሽታን መለየትም ያስፈልጋል። መገጣጠሚያው ራሱ ሲመግል የትኛውም እንቅስቃሴ ያሳምማል። ሶአስ ሲመግል ግን ጭኑን ወደ ኋላ መዘርጋት እጅግ ያሳምማል፤ ጭኑ እንደታጠፈ ወዲያና ወዲህ ቢዞር ግን ሕመሙ ያን ያህል አይደለም።

በብሽሽት ያለውን እብጠት በተመለከተም አናቶሚ ይረዳል። በጭን በኩል የሚወጣው ሄርኒያ ከትልቁ የጭን ደም ሥር በስተውስጥ ይገኛል፤ በሶአስ አፎት የወረደ መግል ግን በአብዛኛው ከደም ቅዳው በስተውጭ ይታያል። መግሉ ከብሽሽቱ ጅማት በላይም በታችም ከተጠራቀመ፣ ሐኪሙ አንዱን ወገን ሲጫን ሌላው ወገን ሲሞላ በእጁ ይሰማዋል።

በመጨረሻ የሚያረጋግጡት አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ ናቸው። መግሉ በምስል እየተመሩ በሚያስገቡት መርፌ ወይም ቱቦ ይቀዳል፤ ናሙናውም በጂንኤክስፐርትና በመሳሰሉት መሣሪያዎች ይመረመራል። ቲቢ ከሆነ መድኃኒቱ ቢያንስ ለስድስት ወራት፣ በአጥንት ቲቢ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ለረዘመ ጊዜ ይወሰዳል። በአገራችን የመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ መድኃኒት ያለ ክፍያ ይሰጣል። በጊዜ የተጀመረና ሳይቋረጥ የተፈጸመ ሕክምና ወጣቱን ወደ ጤናው ሊመልሰው ይችላል።

ሌሎች የሶአስ ችግሮች

ደም መፍሰስ። ደማቸው በቀላሉ በማይረጋባቸው፣ ማለትም በሄሞፊሊያ ታማሚዎችና የደም ማቅጠኛ መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይ፣ በኢሊዮሶአስ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። አፎቱ ጠባብና የማይለጠጥ በመሆኑ የተጠራቀመው ደም የጭንን ነርቭ ይጨቁናል። ታማሚው በድንገት ብሽሽቱን ያመዋል፤ የጭኑ ፊት ይደነዝዛል፤ ጉልበቱን መዘርጋትም ይሳነዋል። ይህ አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው ሁኔታ ነው።

የአጥንት መነቀል። በጉርምስና ዕድሜ ትንሹ ትሮካንተር ከዋናው የጭን አጥንት ጋር ገና ሙሉ በሙሉ አልተዋሐደም። አንድ ወጣት ኳስ አጥብቆ ሲመታ ወይም በድንገት ተስፈንጥሮ ሲሮጥ፣ ጡንቻው የተተከለበትን አጥንት ነቅሎ ሊወስደው ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በዕረፍትና በክራንች ይድናል። ይኸው ጉብታ በአዋቂ ሰው ላይ ያለ ምንም አደጋ ተነቅሎ ቢገኝ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ከሌላ አካል የተዛመተ ካንሰር አጥንቱን አዳክሞት ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ይህን ሳያጣራ አያልፍም። ያው አንድ ራጅ፣ እንደ ታማሚው ዕድሜ፣ ፍጹም የተለያየ ነገር ይናገራል።

የዳሌ መንቋቋት። በአንዳንድ ሰዎች፣ በተለይ በዳንሰኞችና በስፖርተኞች ላይ፣ የኢሊዮሶአስ ጅማት በአጥንት ጠርዝ ላይ ሲዘልል የሚሰማ ድምፅ ያሰማል። ሕመም ከሌለው አያሳስብም፤ ሕመም ካለው ግን ብዙውን ጊዜ ዕረፍትና ፊዚዮቴራፒ ይበቃዋል።

የጡንቻ መሟሸሽ። በሲቲ ስካን፣ በሦስተኛው የወገብ አንጓ ደረጃ፣ የሶአስና የአካባቢው ጡንቻዎች ስፋት ይለካል። ልኬቱ የሰውነት ጡንቻ ምን ያህል እንደተመናመነ ስለሚጠቁም፣ ሐኪሞች የካንሰር ታማሚዎችና ለከባድ ቀዶ ሕክምና የሚዘጋጁ ሰዎች ያላቸውን አቅም ለመገመት ይጠቀሙበታል።

ጥቂት ማሳሰቢያ

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሶአስን የወገብ ሕመም ሁሉ መንሥኤ፣ አልፎ ተርፎም የስሜትና የጭንቀት ማደሪያ አድርገው የሚያቀርቡ ጽሑፎችና ቪዲዮዎች በዝተዋል። ይህ ከሳይንሱ ማስረጃ የራቀ አባባል ነው። ለረዥም ሰዓት በወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ጭኑ ታጥፎ ስለሚቆይ፣ ሲነሣ በዳሌው ፊት መወጠር ቢሰማው የሚጠበቅ ነው፤ በየጊዜው እየተነሡ መንቀሳቀስና አንድ ጉልበት መሬት ላይ አሳርፎ ዳሌን ቀስ ብሎ ወደፊት በመግፋት ጡንቻውን ማፍታታት ይጠቅማል። ነገር ግን አብዛኛው የወገብ ሕመም በአንድ ጡንቻ ወይም በአንድ አጥንት ብቻ የሚመካኝ አይደለም፤ በአብዛኛውም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ሕመሙ ካልቀለለ፣ ወይም ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ፣ የእግር መስነፍ፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል ከታየበት ወደ ሐኪም መሄድ እንጂ ማፍታታት መፍትሔ አይሆንም።

ማጠቃለያ

ሶአስ ከወገብ ተነሥቶ በዳሌ በኩል አልፎ ጭን ላይ የሚተከል፣ በእያንዳንዱ እርምጃችን የሚሠራ፣ ግን ከዓይንም ከእጅም የተሰወረ ጡንቻ ነው። መንገዱ ረዥም፣ ጎረቤቶቹም ብዙዎች በመሆናቸው የወገብን በሽታ በጭን፣ የሆድን በሽታ በእግር እንቅስቃሴ እንድናነብ ያስችለናል። አናቶሚ ብዙ ጊዜ የስሞች ሽምደዳ መስሎ ይታያል። የመነሻና የመድረሻ ትምህርት ግን ያበጠ ጭን ያሳየውን ወጣት «እስቲ ጀርባህን ዙርና አሳየኝ» ብሎ ለመጠየቅ የሚያበቃ እውቀት ነው። ያ አንድ ጥያቄ በጊዜው ከተጠየቀ ወጣቱ በእግሩ ይሄዳል፤ ካልተጠየቀ ግን ላይሄድ ይችላል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በሶአስ አፎት ውስጥ የሚወርድ መግል ከወገብ ተነሥቶ በጭን የሚታየው ለምንድን ነው? የሚያልፍባቸውን ሥፍራዎች በቅደም ተከተል ዘርዝሩ።

2. በኢሊዮሶአስ ውስጥ ደም የፈሰሰበት ሰው ጉልበቱን መዘርጋት የሚሳነው ለምንድን ነው?

3. ሶአሱ የመገለበትን ታማሚ የዳሌ መገጣጠሚያው ከመገለበት ታማሚ በምን ዓይነት እንቅስቃሴ መለየት ይቻላል?

4. የትንሹ ትሮካንተር መነቀል በ15 ዓመት ተማሪና በ60 ዓመት ሰው ላይ ቢታይ፣ የሐኪሙ ጥርጣሬ የሚለያየው ለምንድን ነው?